ሽልማቱ የትምህርት ቤቱ፣ ባግሩቱ የልጃችሁ

በቂርያት ማላኪ ልጅ ያደረሰ ወላጅ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ቀጣዩ ትምህርት ቤት የትኛው ይሁን? ከተማው ውስጥ አማራጭ አለ። ጎረቤት ባኤር ቱቪያ አለ፣ ወደ ሰሜን ገዴራና ያቭኔ አሉ። ትምህርት ቤቶቹ «ዮም ፓቱዋኽ» የሚባለውን የጉብኝት ቀን ያዘጋጁና በራቸውን ለወላጅ ይከፍታሉ። ወላጅ ሲገባ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፣ ዋንጫ ተደርድሯል፣ አጥሩ ላይ «ተሸላሚ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል።

ይህ ማብራሪያ ያንን ግድግዳ ለማንበብ እንዲረዳችሁ የተጻፈ ነው። ሸላሚው ማን ነው? የሚሸልመውስ ምን አይቶ ነው? ምን ያህል ወጪ አለው? ለልጃችሁ የሚደርሳት ምንድን ነው? በየተራ እናያቸዋለን።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንያዝ። ሽልማት ከንቱ ነገር አይደለም፤ ብዙ መምህራን ለፍተውበታል። ሆኖም ሽልማት የሚመሰክረው ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። ልጃችሁ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ይዛ የምትወጣው ግን ባግሩት፣ ማለትም የማትሪክ የምስክር ወረቀቷን ነው። ወላጅ ሁለቱን ለይቶ ካወቀ ምርጫው ይቀለዋል።

ፈቃድና ሽልማት ምን ለያቸው?

ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ሽልማት በፍላጎት ነው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የትምህርት ቤቶች ቁጥጥር ሕግ ማንኛውም ትምህርት ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ይከለክላል። ፈቃዱ «ሪሽዮን» ይባላል። ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት «ሴሜል ሞሳድ» የሚባል መለያ ቁጥር አለው። በምዝገባ ወረቀት ላይም፣ በባግሩት ላይም የምታዩት ቁጥር እሱ ነው።

ትምህርት ቤቶች እንደ አቋማቸው ይከፈላሉ። የመንግሥት የሆነው «ሪሽሚ» ይባላል። «ሙካር ሼኤኖ ሪሽሚ» የሚባለው ደግሞ ባለቤቱ ማኅበር ወይም ሌላ ድርጅት ሆኖ መንግሥት እውቅና የሰጠውና በጀት የሚደጉመው ነው። ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ሪሽሚ አይደለም» የሚል ብታነቡ አትደንግጡ።

ይህ እውቅና ለእኛ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ማኅበረሰብ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2009 በፔታሕ ቲክቫ ሦስት የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎችን አንቀበልም አሉ። ትምህርት ቤቶቹ እውቅና ያላቸውና የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ስለነበሩ መንግሥት በጀታችሁን አቆማለሁ ብሎ አስጠነቀቃቸው፤ ልጆቹንም መቀበል ጀመሩ። የመንግሥትን ገንዘብና እውቅና የሚቀበል የመንግሥትንም ግዴታ ይቀበላል። ወላጅ ይህን ማወቁ ጉልበት ይሆነዋል።

«ፕራስ ሃሂኑኽ» ምንድን ነው?

ከትልልቆቹ ሽልማቶች አንዱ ይህ ነው፤ የትምህርት ሽልማት እንበለው። የሚሰጠው የትምህርት ሚኒስቴር፣ ማለትም «ሚስራድ ሃሂኑኽ» ነው። ለትምህርት ቤቶች፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለከተማ አስተዳደሮችም ይሰጣል።

ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በወረዳ፣ ማለትም በ«ማሖዝ» ይወዳደራሉ። ከዚያ በአገር አቀፍ ደረጃ ይለያሉ። ቂርያት ማላኪ የደቡብ ማሖዝ ናት፤ ገዴራና ያቭኔ ደግሞ የማዕከላዊው። ስለዚህ «የወረዳ ተሸላሚ» የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች እርስ በርሳቸው ላይወዳደሩ ይችላሉ። ጨርቁ ላይ «አርጺ» ቢል አገር አቀፍ ነው፤ «መሖዚ» ቢል የወረዳ።

እንዴት ይገኛል? ትምህርት ቤቱ ሥራውን የሚያሳይ ማኅደር ያዘጋጃል። ኮሚቴ ያየዋል፤ መጥቶም ይጎበኛል። ኮሚቴው የፈተና ውጤትን ብቻ አያይም። የትምህርት ቤቱን አሠራር፣ የመምህራኑን ትብብር፣ ለተማሪና ለማኅበረሰቡ ያለውን ትኩረት ሁሉ ይመዝናል።

ጨርቁን ስታዩ ዓመቱን አንብቡ። ሽልማት የዚያ ዓመት ምስክርነት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው መናሄል፣ ማለትም ርዕሰ መምህር፣ አሁንም አለ? ያ ሥራ ዛሬም ይሠራል? ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ትምህርት ቤት በደስታ ይመልሳል።

አረንጓዴው ምልክትስ?

«ቤት ሴፌር ያሮክ» ማለት አረንጓዴ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ምስክርነቱን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ይሰጣል። መስፈርቱ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል። ስለ አካባቢ ጥበቃ በክፍል ውስጥ ማስተማር አንድ። ውኃ፣ መብራት፣ ወረቀት የመሳሰለውን መቆጠብ ሁለት። ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው ለሰፈሩ የሚሠሩት ሥራ ሦስት። ሥራውን ለዓመታት ያቆየና ያሳደገ ትምህርት ቤት «ያሮክ ማትሚድ» የሚል ከፍ ያለ ደረጃ ያገኛል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ደግሞ ጤናን የሚያበረታታ ትምህርት ቤት የሚል እውቅና አለ። ሐሳቡ ከዓለም ጤና ድርጅት የመጣ ነው። ልጆች ምን ይበላሉ፣ ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ እርስ በርስ እንዴት ይኖራሉ የሚለውን ያያል።

እነዚህ ለልጁ ኑሮ ይጠቅማሉ። ንጹሕ ግቢ፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ የተሻለ ምግብ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ሂሳብ ትምህርት ግን ምንም አይነግሯችሁም።

የሮቦት ዋንጫውስ?

በመግቢያው ላይ የሮቦት ዋንጫ ካያችሁ ብዙ ጊዜ «ፈርስት» ከሚባለው ውድድር የመጣ ነው። ፈርስት በ1989 በአሜሪካ ዲን ኬመን በሚባል የፈጠራ ሰው የተመሠረተ ድርጅት ነው። ተማሪዎች በቡድን ሮቦት ይሠራሉ፤ ሮቦቱም ከሌሎች ቡድኖች ሮቦት ጋር ሜዳ ላይ ይወዳደራል።

ጥሩ ነገር ነው። ልጆች ብረት መቁረጥ፣ ሽቦ ማገናኘት፣ ኮምፒውተርን ማዘዝ፣ በቡድን መሥራት ይማራሉ። ወጪው ግን ከባድ ነው። በትልልቆቹ ተማሪዎች ምድብ የአንድ ቡድን የዓመት መመዝገቢያ ብቻ በሺዎች ዶላር ነው። ከዚያ ዕቃው፣ መሣሪያው፣ ጉዞው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ስፖንሰር፣ ማለትም ደጋፊ ድርጅት፣ ይፈለግለታል።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቡድኑ ውስጥ ስንት ልጆች አሉ? ማን ይመርጣቸዋል? ቤተሰብ ምን ያህል ይከፍላል? መክፈል የማይችልስ ይገባል? ከብዙ መቶ ተማሪ 15ቱ ያመጡት ዋንጫ ለ15ቱ ልጆች ትልቅ ነው። ልጃችሁ ለመግባት መንገድ ካላት ለእሷም ትልቅ ይሆናል።

ሁሉንም ትምህርት ቤት በአንድ መስፈሪያ የሚለካ አለ?

አለ። ለሽልማት የሚወዳደረው የፈለገ ነው። ሚኒስቴሩ ግን የፈለገውንም ያልፈለገውንም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይለካል። ይህ «ትሙና ሂኑኺት» ይባላል፤ የትምህርት ገጽታ ማለት ነው። ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። «በማባት ራሃቭ» በሚባለው የሚኒስቴሩ የመረጃ ሥርዓት የትምህርት ቤቱን ስም አስገብቶ ማየት ይቻላል። ክፍያ የለውም። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ልጃችሁን ወይም ጎረቤት አስቀምጣችሁ አብራችሁ እዩት።

ምን ታገኙበታላችሁ? ባግሩት ያገኙ ተማሪዎች ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይነግራችኋል። በጣም ጥሩ ባግሩት፣ ማለትም «ባግሩት መጹያኔት» ያገኙትንም ይነግራችኋል። በሂሳብና በእንግሊዝኛ ከፍተኛውን ደረጃ የወሰዱት ስንት ናቸው? ትምህርት ያቋረጡት ስንት ናቸው? ወደ ሠራዊትና ወደ ብሔራዊ አገልግሎት የገቡትስ? በፈተና ማጭበርበር ተጠርጥሮ የተሰረዘ ወረቀት አለ? ይህ የመጨረሻው «ቶሃር ብሒኖት» ይባላል፤ የፈተና ንጽሕና ማለት ነው።

ቁጥሮቹን ለየብቻ አታንብቡ። ለምን? በምሳሌ እንየው። አንድ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ላይ 100 ተማሪ ነበረው እንበል። ደከም ያሉትን 20 ልጆች «ሌላ ቦታ ይሻላችኋል» ብሎ ሸኘ። 12ኛ ክፍል 80 ቀሩ። ከእነሱ 72ቱ ባግሩት አገኙ። ትምህርት ቤቱ «ከመቶ 90 አሳለፍን» ይላል፤ ሐሰት አይደለም። ከ100ው ልጆች ግን እዚያ ባግሩት ያገኙት 72 ናቸው።

ጎረቤቱ ትምህርት ቤት ደግሞ 100 ተቀብሎ 100ውንም እስከ 12ኛ አደረሰ። 80ው ባግሩት አገኙ። ጨርቁ ላይ የሚጻፈው 80 ነው፤ ከ90 ያነሰ ይመስላል። ልጃችሁ ደከም ብትል የሚይዛት ግን ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የባግሩቱን ቁጥር ካቋረጡት ቁጥር ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ያቋረጡ «ኖሽሪም» ይባላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ቤቶችን ስታወዳድሩ የተማሪዎቹን የኑሮ ሁኔታ የሚያሳየውን «ማዳድ ቲፑኣኽ» እዩ። ከ1 እስከ 10 ይሄዳል። ወደ 10 የተጠጋው ብዙ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ያሉበት ነው። ደረጃው 8 የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃው 2 ከሆነው ጋር እኩል ውጤት ካመጣ፣ ብዙ የሠራው የመጀመሪያው ነው።

ባግሩት ሁሉ እኩል ነው?

አይደለም። ወላጅ ከሁሉ አስበልጦ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

እያንዳንዱ ትምህርት በ«ይሂዶት» ይለካል። ይሂዳ ማለት አንድ የትምህርት ክፍልፋይ ነው፤ ወደ 90 ሰዓት ገደማ ትምህርት ይይዛል። ሂሳብን በ3፣ በ4 ወይም በ5 ይሂዶት መማር ይቻላል። 5 ከባዱ ነው። ባግሩት ለማግኘት ቢያንስ 21 ይሂዶት ያስፈልጋል፤ ከትምህርቶቹም ቢያንስ አንዱ በ5 ይሂዶት መሆን አለበት። ከዚህ ሌላ ተማሪው ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በድምሩ 180 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት አለበት።

ሂሳብ በ3፣ እንግሊዝኛ በ3 ይሂዶት የወሰደ ልጅም ሌላውን ካሟላ ባግሩት ያገኛል። ቤተሰብ ይደሰታል፤ ድግስም ይደገሳል። ችግሩ የሚመጣው ወደ ዩኒቨርሲቲ በር ሲኬድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች መነሻ አድርገው የሚጠይቁት ከዚያ ከፍ ይላል፦ እንግሊዝኛ ቢያንስ 4 ይሂዶት፣ ሂሳብ ቢያንስ 3፣ ሌላም አንድ ትምህርት ሰፋ ባለ ደረጃ። በአንድ የእንግሊዝኛ ይሂዳ ምክንያት በር የሚዘጋበት ልጅ አለ።

የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የስግድ በዓል ሲደርስ ስለ ማኅበረሰባችን ቁጥሮች ያወጣል። ባግሩት በማግኘት በኩል ልጆቻችን ከሌላው ጋር እየተቀራረቡ ሄደዋል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ባግሩት በማግኘት በኩል ግን ክፍተቱ አሁንም ሰፊ ነው። ልጆቻችን 12 ዓመት ተምረው፣ ወረቀቱንም ይዘው፣ ወረቀቱ ግን በሩን የማይከፍትላቸው ከሆነ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

አሁን ደግሞ የነጥብ ጭማሪ የሚባለውን እንይ፤ «ቦኑስ» ይሉታል። ዩኒቨርሲቲዎች የባግሩት አማካይ ሲያሰሉ ከባድ ደረጃ ለወሰደ ነጥብ ይጨምራሉ። ለ5 ይሂዶት ሂሳብ በአብዛኞቹ 35 ነጥብ ይጨመራል። ለ4 ይሂዶት 12.5 ነው። በእንግሊዝኛ ለ5 ይሂዶት 25፣ ለ4 ደግሞ 12.5። ጭማሪው የሚሰጠው ውጤቱ 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ሁለት ልጆችን እናስብ። አንደኛዋ ሂሳብ በ3 ይሂዶት ወስዳ 95 አገኘች። ሁለተኛዋ በ5 ይሂዶት ወስዳ 80 አገኘች። ቤት ውስጥ የምትሞገሰው 95 ያመጣችው ናት። ዩኒቨርሲቲው ግን የመጀመሪያዋን 95 ብሎ ይይዛል፤ የሁለተኛዋን 80 ላይ 35 ጨምሮ 115 ያደርገዋል። በዚያ ላይ የአንደኛዋ ውጤት በአማካዩ ውስጥ የ3 ይሂዶት ክብደት ይይዛል፤ የሁለተኛዋ ግን የ5። ስለዚህ ልጃችሁ ውጤት ስታመጣ «ስንት አገኘሽ?» ከማለታችሁ ጋር «በስንት ይሂዶት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁሉም ልጅ 5 ይሂዶት ይውሰድ ማለቴ አይደለም። ሁሉም ልጅ እንዲሞክር ዕድል ይሰጠው ማለቴ ነው። ሚኒስቴሩ ራሱ በ2015 የ5 ይሂዶት ሂሳብ ተማሪዎችን ቁጥር ለማሳደግ አገር አቀፍ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በ2012 ቁጥራቸው ወደ 9,000 ወርዶ ነበር፤ ከዘመቻው በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፍ ገደማ አድጓል። ያን ያህል ልጅ የተጨመረው የልጆች ጭንቅላት በድንገት ተለውጦ አይደለም። ክፍል ስለተከፈተላቸው፣ መምህር ስለተመደበላቸው ነው።

ደረጃው የሚወሰነው መቼ ነው?

ብዙ ወላጅ በ11ኛ ክፍል ይመስለዋል። መንገዱ የሚቀደደው ግን በ7ኛ፣ በ8ኛና በ9ኛ ክፍል ነው። በእነዚህ ክፍሎች ተማሪዎች በሂሳብና በእንግሊዝኛ በ«ሃክባጻ» ይከፈላሉ፤ እንደ ደረጃቸው በቡድን መማር ማለት ነው። «አሌፍ» ከፍተኛው ነው። በ9ኛ ክፍል ዝቅተኛ ሃክባጻ ላይ ያለ ልጅ 10ኛ ክፍል 5 ይሂዶት ለመግባት በጣም ይቸገራል፤ ያልተማረው ነገር ብዙ ነውና።

በ10ኛ ክፍል ደግሞ የተለዩ ክፍሎች አሉ። «ማባር» የሚባለው በትምህርታቸው የተንገዳገዱ ልጆችን በትንሽ ክፍል ይዞ ወደ ሙሉ ባግሩት ለማድረስ የተዘጋጀ ነው። «ኤትጋር» የሚባለው ትምህርት ሊያቋርጡ ለተቃረቡ ልጆች ነው። ሁለቱም ለሚገባው ልጅ ትልቅ ርዳታ ናቸው። ልጃችሁ እዚያ ስትመደብ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለምን? የሚገኘው ባግሩት ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? መውጫውስ መቼና በምን ነው?

መልሱን ካላመናችሁበትስ? በ2000 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ በዘር፣ በኑሮ ደረጃ ወይም በወላጅ የፖለቲካ አመለካከት ምክንያት በተማሪ ላይ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ክልከላው ምዝገባን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፤ የተለየ የትምህርት መንገድ መመደብንና ክፍል መለየትንም ይጨምራል። ይኸው ሕግ ተማሪ ለባግሩት ፈተና የመቀመጥ መብት እንዳለው ይናገራል።

በቅድሚያ ከ«መሐኔኸት»፣ ማለትም ከክፍል ኃላፊዋ መምህርት፣ ተነጋገሩ። ቀጥሎ ከ«ዮኤጼት»፣ ከትምህርት አማካሪዋ። ከዚያ ከመናሄሉ። ቋንቋ ከከበደ «መጋሼር» ጠይቁ፤ በቤተሰብና በትምህርት ቤት መካከል የሚያገናኝ የእኛው ሰው ማለት ነው። «ፊደል» የተባለው ማኅበር እንዲህ ያሉ አገናኞችን በማሠልጠን ይታወቃል። ነገሩ አድልዎ ከመሰላችሁ «ተበቃ» የተባለው የሕግ ርዳታ ድርጅት ለኢትዮጵያ ተወላጆች ጠበቃ ያቆማል። ጩኸት ሳያስፈልግ፣ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስንት ያስከፍላል?

ትምህርት በእስራኤል እስከ 12ኛ ክፍል በነጻ ነው። የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1949 ነው፤ ኋላ ላይ እስከ 12ኛ ክፍል ተዘርግቷል። ቤት የሚመጣው የክፍያ ወረቀት ግን ነጻ አይመስልም። ስለዚህ ወረቀቱን መስመር በመስመር እንየው።

አንደኛው መስመር የግዴታ ክፍያ ነው፤ «ታሽሉም ሖቫ» ይባላል። ዋናው የተማሪ የአደጋ ኢንሹራንስ ነው፤ ጥቂት አሥር ሼክሎች ነው። ሁለተኛው የፈቃድ ክፍያ ነው፤ «ታሽሉም ረሹት»። የክፍል ድግስ፣ የባህል ዝግጅት፣ ሽርሽር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው «ታላን» ይባላል፤ ከመደበኛው በላይ የሆነ ተጨማሪ ትምህርት ነው። እሱም በፈቃድ ነው። የእነዚህን ክፍያዎች ጣሪያ በየዓመቱ የክኔሴት የትምህርት ኮሚቴ ይወስናል።

ሽልማትና ክፍያ የሚገናኙት በሦስተኛው መስመር ነው። ጨርቁ ላይ የምታዩት ልዩ ፕሮግራም፣ ሳይንስ ይሁን ኪነ ጥበብ ወይም ሮቦት፣ አንዳንዴ የወላጅ ገንዘብ ይጠይቃል። በዓመት በመቶዎች፣ ከዚያም በላይ ሼክል ሊደርስ ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠቅላላውን በጽሑፍ ጠይቁ። ከከተማ ውጭ ከሆነ የመጓጓዣውንም ጨምሩ፤ ከቂርያት ማላኪ በየቀኑ ገዴራ ወይም ያቭኔ መመላለስ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

መክፈል ካቃታችሁስ? ትምህርት ቤቱ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የሚቀንስበት አሠራር ሊኖረው ይገባል፤ «ቫዓዳት ሚልጎት» የሚባል ኮሚቴ በምስጢር ያየዋል። ባለመክፈል ምክንያት ልጅን ማሳፈር ወይም የምስክር ወረቀት መያዝ ክልክል ነው። እፍረት ይዟችሁ ልጃችሁን ከሽርሽር አታስቀሩ። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ልጅ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ባግሩት ይዛ ስትወጣ በኋላ ማሻሻል አለባት። ከሠራዊት ስትመለስ ወይ የግል ኮርስ ገብታ በሺዎች ሼክል ከፍላ ፈተናውን ትደግማለች፣ ወይ «መኺና» የሚባለውን የዝግጅት ትምህርት ገብታ ጊዜዋን ትሰጣለች። ያንን በ9ኛ ክፍል በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ማስቀረት ይቻላል። ርዳታው አለ። «የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት» በልዩ ልዩ ከተሞች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በትንሽ በትንሽ ቡድን የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ ያካሂዳል። በሰፈራችሁ እንዳለ የማኅበረሰብ ማዕከሉን፣ «ማትናሱን»፣ ጠይቁ።

ለትምህርት ቤቱስ ሽልማት ምን ያስከፍለዋል?

ማኅደር የሚያዘጋጀው መምህር ነው። ፎቶ ይሰበሰባል፣ ሰነድ ይጻፋል፣ ስብሰባ ይደረጋል፣ ኮሚቴ ሲመጣ ግቢው ይሰናዳል። ይህ ሁሉ የመምህር ሰዓት ነው። ሥራው በእርግጥ ካለ ማኅደሩ የሚያደርገው ያለውን መዝግቦ ማሳየት ነው፤ መምህራኑም ራሳቸውን መለስ ብለው ያዩበታል፣ ወኔ ያገኙበታል። ሥራው ሳይኖር ማኅደር ብቻ ከተሠራ ግን ያ ሰዓት ከልጆቹ ላይ ተወስዷል።

እንዴት ታውቃላችሁ? መምህራኑን ትታችሁ ተማሪዎቹን አነጋግሩ። በጉብኝት ቀን አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። አንዱን ለብቻው «ይህ ሽልማት የተገኘው በምንድን ነው? አንተ ምን ሠራህበት?» በሉት። ስለ ሠራው ነገር የሚያወራ ልጅ ዓይኑ ይበራል። የማያውቅ ከሆነ ትከሻውን ይሰብቃል። ከየትኛውም ወረቀት ይልቅ ይህ ይነግራችኋል።

በጉብኝት ቀን ምን ልጠይቅ?

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

አንደኛ፤ 10ኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ስንቱ እዚሁ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳሉ?

ሁለተኛ፤ ባግሩት ካገኙት ውስጥ እንግሊዝኛን በ4 እና በ5 ይሂዶት ያለፉት ስንቱ ናቸው?

ሦስተኛ፤ 5 ይሂዶት ሂሳብ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይሰጣል? ለመግባት ምን ያስፈልጋል? ለደከመ ልጅስ ተጨማሪ ሰዓት አለ?

አራተኛ፤ ከዝቅተኛ ሃክባጻ ወደ ከፍተኛ ባለፈው ዓመት የወጣ ልጅ አለ? በምን መንገድ ወጣ?

አምስተኛ፤ በዓመቱ ውስጥ ከእኛ የሚጠበቀው ክፍያ በጠቅላላ ስንት ነው? የትኛው ግዴታ፣ የትኛው በፈቃድ ነው?

አራተኛው ጥያቄ ላይ ጠንከር በሉ። ልጅ ዝቅ ካለ ቦታ ከፍ እንድትል መሰላል የዘረጋ ትምህርት ቤት መልሱን ሳያመነታ ይሰጣችኋል። «እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ አይደለም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ልጃችሁ በ12 ዓመቷ የተቀመጠችበት ወንበር እስከ 18 ዓመቷ ወንበሯ ይሆናል ማለት ነው።

እነዚህን ስትጠይቁ የሚያያችሁ መናሄል ሁለት ነገር ይረዳል፤ ይህች ልጅ ከኋላዋ ሰው አላት፤ ይህ ቤተሰብ ይሂዶት ምን እንደሆነ ያውቃል። ወላጆቻችን በአገራቸው ልጅን ለየኔታ ሲሰጡ አደራ ብለው ነበር፤ መምህሩም አደራውን ይቀበል ነበር። እዚህ አገር አደራው አልቀረም፤ ነገር ግን በአሲፋት ሆሪም፣ ማለትም በወላጆች ስብሰባ፣ ተገኝቶ መጠየቅን ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ሲሸለም አብራችሁ አጨብጭቡ፤ የልጃችሁን ይሂዶት ግን በየዓመቱ ራሳችሁ ቁጠሩ።